ሙያው ያረጀበት ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው?

በቅርቡ ለተመራቂዎች ንግግር ያደረጉ አንድ እንግዳ እንዲህ አሉ፦ «ዓለም ይለወጣል፤ ከዓለም ጋር ያልተለወጠ ሰው ቢወድቅ ማንንም አይውቀስ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጬ። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ግን በገዛ እጄ አፈርኩ። ለምን ቢሉ፣ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ያ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ፊቱን እያየሁ ማጨብጨብ እችል ነበር ወይ? አልችልም። በርግጥ ሰው ፊት ሊናገሩት የሚከብድ ነገር ሁሉ ውሸት አይደለም። ቢሆንም እንደገና መመርመር ይገባዋል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ሰውዬው ድሬዳዋ ውስጥ ጎረቤታችን ነው። በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ሆኖ ዕድሜውን ጨርሷል። የሠፈሩ ልጆች «አባባ» እያልን፣ በዚያው አፋችን ደግሞ «አንተ» እንለዋለን። (ድሬ እንደዚህ ናት፤ ታላቅን «እርስዎ» ማለት የለመድኩት አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይም በአገሬ ልማድ ብሄድ ቅር አይበላችሁ።)

የባቡሩን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለክርክሬ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ላንሳ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዪቱን የወለዳትም እሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለ ነበር የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በየቀኑ በታክሲ የምናልፍበት «ለገሃር» እንኳ «ላ ጋር» ከሚለው የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እኛ አገር ሙያ ሲመጣ ከነቃሉ ነው የሚመጣው። እስቲ ጋራዥ ገብታችሁ ስሙ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ። ይሄ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ማን እንዳስተማረን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

አባባ ወርክሾፕ የገባው ገና በልጅነቱ ነው። ፈረንሳይኛውን ከብረቱ ጋር አንድ ላይ ተማረው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደ ታመመ ይናገር ነበር ይባላል፤ ስለ እሱ እንዲህ ያሉኝ አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው እንጂ እሱ ስለ ራሱ አያወራም። መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ሲል ቶርኖው ላይ ቆሞ፣ አሮጌውን ዕቃ በካሊፐር እየለካ፣ አዲሱን ከድፍን ብረት ያወጣዋል። በሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠራቀመ ዕውቀት ነው። በአንድ ቀን አልተገኘም፤ በመጽሐፍም የለም።

ከዚያስ? በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። ሐዲዱ አርጅቶ፣ ድልድዩ ደክሞ፣ የጭነት መኪናው ሥራውን ነጥቆት ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲሱ ባቡር ተመረቀ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ከአሮጌው የሚሰፋው በ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በዚህች ክንድ በማትሞላ ልዩነት ምክንያት የአሮጌው ባቡር አንድም መንኰራኵር አዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም። የአባባም ዕውቀት እንደዚሁ ነው የሆነው። ጆሮው የሚያውቀው ሞተር የለም፤ አፉ የለመደው ፈረንሳይኛ የሚነበብበት መመሪያ የለም፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጥቶ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን እንግዳው ይምጡና ይፍረዱ። የዚህ ሰው ጥፋት የቱ ላይ ነው? በአርባ ዓመቱ ቻይንኛ አለመጀመሩ ነው? ሐዲዱ በ435 ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ በሕልሙ አለማየቱ ነው?

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳነሣለት ሣቀብኝ። ጓደኛዬ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለሆነ ለሁሉም ነገር መልስ አለው። «ስማ፣ አንተ የምታለቅሰው ለባቡሩ ሰው ነው» አለኝ። «ባቡሩ ራሱ ሲመጣ የሲራራ ነጋዴውን፣ የግመል ነጂውን፣ የበቅሎ ጫኙን እንጀራ ቆርጦ አይደል እንዴ? ለነሱ ማን አለቀሰ? የአንተ አባባ እንጀራ የበላው በነሱ መቃብር ላይ ቆሞ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላው በሱ ላይ ቆመ። በቃ፣ ዓለም እንዲህ ናት።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለሁለት ቀን መልስ አጣሁ። ነገሩ እውነት ነው። ከባሕሩ ወደ መሐል አገር ዕቃ በግመልና በበቅሎ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነበር። መንገዱን፣ ውኃውን፣ የእንስሳውን ጠባይ ያውቅ ነበር፤ ያም ሙያ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ያ ዕውቀት ዋጋ አጣ። እኛ ድሬዎች ስለ ባቡር ናፍቆት ስናወራ ይህን አንስተን አናውቅም፤ ያሳፍራል።

በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ጓደኛዬም እንግዳውም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ አድርገው ነው የሚናገሩት። «ዓለም ይለወጣል» የሚለው ስለ ዓለም የተነገረ ወሬ ነው፤ እውነት ነው። «የወደቀው ጥፋተኛ ነው» የሚለው ግን ወሬ ሳይሆን ፍርድ ነው። ከመጀመሪያው ሁለተኛው አይከተልም። ዝናብ ይቀራል፤ ይህም እውነት ነው። ዝናብ የቀረበት ገበሬ ግን ጥፋተኛ ነው? በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ ለሕዝብ እንዲታይ ካደረጉት መካከል የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ነበሩበት። ያኔ «ጎተራውን ለምን ቀድሞ አልሞላም?» ብሎ የተነሣ ተማሪ አልነበረም። የጠየቁት «መንግሥቱ የት ነበር?» ብለው ነው። ታዲያ እኛ ስለ ሥራና ስለ ሙያ ስንነጋገር ያ ጥያቄ የት ገባ? ግመል ነጂው ያለ ካሣ መውደቁ አባባም ያለ ካሣ ይውደቅ ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ጊዜ የተሠራ በደል አንድ ጊዜ ከተሠራው የበለጠ ትክክል አይሆንማ!

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባቡሩ ከዚህ በፊትም ተለውጦ ያውቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንፋሎቱ ባቡር በናፍጣ ተተክቷል። አባባን ያስተማሩት ሰዎች ወጣትነታቸውን ከእሳትና ከእንፋሎት ጋር ያሳለፉ ነበሩ። ናፍጣው ሲመጣ ግን አልወደቁም። «እንዴት?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንዴት ምን አለው? ማሽኑ የመጣው እነሱ ቆመው ወደሚሠሩበት ቤት ነዋ» አለኝ። «በሥራ ሰዓት ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል፣ ያበላሹታል፣ ደመወዝ ግን ይከፈላል። አቦ፣ እንደዚያ ከሆነማ ማን ያቅተዋል?»

በዚህች መልስ ውስጥ ብዙ ፍልስፍና አለ። የኛዎቹ ተናጋሪዎች መለወጥን የአንድ ሰው ጠባይ አድርገው ነው የሚያዩት፤ ብርቱው ይለወጣል፣ ሰነፉ ይቀራል። አባባ ግን የሚለው፣ መለወጥ የሚቻለው የሚያስተምር፣ የሚታገሥና ለስሕተትህ የሚከፍል ሲኖር ነው። የአዲሱ ባቡር ነገርም ይህንኑ ያሳያል። የኛ ወጣቶች ወደ ቻይና ሄደው ሠለጠኑ፤ ከቻይኖቹ ጋር ጎን ለጎን ሠሩ፤ በ2016 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ኢትዮጵያውያኑና ጅቡቲያውያኑ ተረከቡ። ሲያስተምሩት የማይማር ሕዝብ አይደለንም። ታዲያ መማር ግዴታ ነው ከተባለ ማስተማርም ግዴታ ነው። ያንዱን ግዴታ እያጮኹ የሌላውን ዝም ማለት የማን ጥቅም እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ጽሑፍ ይሆን ነበር። አባባ ንጹሕ፣ ዓለም ጨካኝ። ግን ነገሩ እንደዚያ አላለቀም፤ እኔም ለማስዋብ ብዬ አልዋሽም።

ባለፈው ክረምት ደጃፉ ላይ ተቀምጠን አንድ ነገር አጫወተኝ። ልጅ ሆኖ ሲለማመድ፣ አለቃው የነዳጅ ፓምፑን ሲያስተካክል (የሞተሩ ነፍስ ያለችው እዚያ ነው ይላል) ሁልጊዜ «ሂድ ሲጋራ ገዝተህ ና» ይለው ነበር። ሲመለስ ሥራው አልቆ ክዳኑ ተገጥሟል። አንድ ቀን ሲጋራውን አስቀድሞ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ጠበቀ። አለቃው «ሂድ» ሲለው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። አለቃው ሲጋራውን ተቀበለና «እንግዲያው ክብሪት አምጣ» አለው። በጣም ሣቅን። ከዚያ «አንተስ?» አልኩት፤ እንዲሁ ለጨዋታ። ሣቁን አቆመ። «እኔም ልኬያለሁ» አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ቦታዬን እንዳይወስድብኝ ነዋ። ልጁ ከቻለ እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ሙያ በልብ ነው» የሚል ተረት አለን። ትርጉሙ መልካም ነበር፤ አትፎክር፣ ሥራህ ይናገር ማለት ነው። እኛ ግን ቀስ በቀስ «ሙያህን ደብቅ» አደረግነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በዚህ አገር ባለ እጅ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው «ቡዳ» ተብሏል፤ ማረሻውንና ልብሱን ግን ከሱ እየገዛን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው? እንግዲህ መሬት የሌለው፣ ክብርም የሌለው ሰው ያለው ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ እሷን ቢደብቅ አልፈርድበትም። አባባም የደበቀው ከክፋት አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ እንዳየነው ሲወድቅ የያዘው የለም።

ግን አልፈርድም ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ምክንያቱም ሙያ የባለሙያው ብቻ ንብረት አይደለም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጥ ሰው አልቋል። ድልድዩ ኩርባ ላይ ነበር፤ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንደ ገባበት ነው የሚነገረው። ይህን ያነሣሁት አንዱ ከሌላው ዕውቀት ስለ ደበቀ ነው ያ የሆነው ለማለት አይደለም። ባቡር ውስጥ የተኛው መንገደኛ ነፍሱን የሚሰጠው ለማያውቃቸው ሰዎች ዕውቀት መሆኑን ለማስታወስ ነው። ሹፌሩ፣ ሐዲድ ጠባቂው፣ ፍሬን የሚፈትሸው መካኒክ የሚያውቁት ነገር ለዚያ መንገደኛም ይገባዋል። የራስ እንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ መደበቁ የግል ጉዳይ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ለርእሱ ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው። አባባ ጥፋት ካለበት እንግዳው ያሉት ቦታ ላይ አይደለም። ጥፋቱ አዲሱን አለመማሩ አይደለም፤ የሚያውቀውን አለማስተማሩ ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ያ ማሽን እንደሆነ ሞቷል፤ ቢያስተምረውስ ምን ሊጠቅም?» አለ። በከፊል ልክ ነው። ግን አንድ ልጅ ፓምፑን ሲማር የሚማረው ፓምፑን ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሚያዳምጡ፣ እንዴት ሳይቸኩሉ እንደሚለኩ፣ ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚመለሱ ይማራል። አርስጣጣሊስ ዕቃ የመሥራትን ዕውቀትና በነገር ላይ የማስተዋልን ዕውቀት ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሰጡት፤ ፓምፑ ሲያረጅ ማስተዋሉ ይቀራል። «ሲጋራ ግዛ» ተብሎ የተላከው ልጅ ያጣው ሁለቱንም ነው።

ወደ እኛ ልመለስ፤ ይህ ስለ ድሬዳዋ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እኛም ዛሬ «ራስህን አብቃ» እየተባልን ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣብን። ቀጥሎ ኮዲንግ ተማሩ ተባለ፤ በ2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደር የማሠልጠን ዘመቻ ተጀመረ። ገና እሱን ጀምረን ሳንጨርስ ኮዱን ራሱ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እጃችን ላይ ወደቀ። ሐዲዱ እኛ እየሄድንበት ሳለ ነው የሚሰፋው። መማር የለብንም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም፤ እኔም ሌሊት ቁጭ ብዬ እማራለሁ። ግን የምንማረው እንዴት ነው? እርስ በርስ እየተደበቅን! ዶርም ውስጥ የማንን ኖት ማን ነው የሚያሳየው? ጥሩ የሥልጠና ዕድል የሰማ ሰው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ አይደል ወሬውን የሚያወጣው?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ላውጣ። ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ከባድ ትምህርት የአምስት ዓመት ፈተናዎች እጄ ገቡ። ፍራሼ ሥር አደረግኋቸው። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ፣ ከገጠር የመጣ፣ ከኔ ይልቅ የሚያነብ ልጅ፣ «የቆየ ፈተና የሚባል ነገር ይገኛል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ እኔም እየፈለግሁ ነው» አልኩት። እሱ ወደቀ፤ እኔ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ይህን ሳደርግ ማንም አላስገደደኝም፤ ቡዳም ብሎ የሰደበኝ የለም። አባባ የፈራው እንጀራውን ነው፤ እኔ የፈራሁት ምን ነበር? ያ እንግዳ ንግግር ሲያደርጉ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ይኸው ልጅ ነው። እሱም አጨብጭቧል።

አባባ አሁን ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ቶርኖ ቤት እየሄደ የባጃጅና የውኃ ፓምፕ ዕቃ ሲበላሽ ያግዛል። ያ የሲጋራው ጨዋታ ከተነሣ ከሳምንት በኋላ ቤት ጠርቶኝ «ደብተር አለህ?» አለኝ። የነዳጅ ፓምፑን አስተካከል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊነግረኝ ፈለገ፤ እኔ እንድጽፍ። «ለማን ነው?» አልኩት። «ምን አውቃለሁ፣ ጻፍ» አለኝ። ቃሉ ሁሉ ፈረንሳይኛ ሆነብኝ። በፊደላችን እንዴት እንደምጽፈው እየጠየቅኩት፣ እሱም ደጋግሞ እየጠራልኝ፣ አንዳንዱን በእጁ አየር ላይ እየሣለ፣ በቀን አንድ ገጽ ያህል ሄድን። ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አስቀደደኝ፤ ቫልቩን በተሳሳተ በኩል አድርጌው ነበር። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስንደርስ ትምህርት ተከፈተና መጣሁ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ስልክ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ገጽ አሥራ አንድ ላይ ምን ብለን ነው ያቆምነው?» ብሎ ነው።